ከሱቁ ጀርባ ያለው ክፍል፦ የጆንስ ደሴት ገበሬዎች ፊደል የቆጠሩበት መንገድ

ገጠር ውስጥ ማንበቢያ ቤት ወይም የጎልማሶች ማስተማሪያ የከፈተ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ችግር አለ። ቤቱ ተሠርቷል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ መጽሐፉም መጥቷል፤ ሰው ግን የለም። በመጀመሪያው ሳምንት ይሞላል። በሁለተኛው ግማሹ ይቀራል። ትንሽ ቆይቶ አስተማሪውና ሁለት ሽማግሌዎች ይፋጠጣሉ። ከዚያ «ሕዝቡ መማር አይፈልግም» ይባልና ቤቱ ይዘጋል።

እኔ ይህን አባባል አልቀበለውም። ለምን እንደማልቀበለው በአንድ እውነተኛ ጉዳይ ላሳያችሁ። በአንድ የገበሬዎች ደሴት፣ ለአንድ ዓይነት ሰዎች፣ በተለያየ ጊዜ ሁለት ዓይነት ትምህርት ቀረበ። አንዱ ባዶውን ቀረ። ሌላው ሞልቶ ወደ ጎረቤት ደሴቶች ተረፈ፣ ከዚያም የአሜሪካን ደቡብ አዳረሰ። ሰዎቹ ያው ነበሩ፤ የተለወጠው የቀረበላቸው ነገር ነው። (ከአንድ ቦታ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹና ቀኖቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ደሴቷና ሰዎቿ

ጆንስ ደሴት የምትገኘው በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ግዛት ውስጥ፣ ከቻርለስተን ከተማ አጠገብ ነው። በ1950ዎቹ ከነዋሪዎቿ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። ቅድመ አያቶቻቸው በዚያው አካባቢ እርሻዎች ላይ በባርነት የሠሩ ናቸው። ከነጻነት በኋላ አንዳንዱ ቁራሽ መሬት አግኝቶ አትክልት ያለማል፤ ሌላው በነጭ እርሻ ላይ በቀን ሥራ ይውላል፤ ሌላው ደግሞ ገና ጎህ ሲቀድ ቻርለስተን ወርዶ በሰው ቤት ወይም በፋብሪካ ሲሠራ ውሎ ማታ ይመለሳል። ጉላ የሚባል የራሳቸው አነጋገር አላቸው፤ የከተማ ሰው ሲሰማው ይስቅበት ነበር።

ከጎልማሶቹ ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ይህ ደግሞ ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም። በ1916 ሴፕቲማ ክላርክ የምትባል የ18 ዓመት ወጣት ለማስተማር ወደዚህች ደሴት መጣች። ድልድይ ስላልነበረ በጀልባ ነው የገባችው። እሷና አንዲት ሌላ አስተማሪ 132 ልጆች ተረከቡ። ጥቁር ሰሌዳ የለም። ስለዚህ ልጆቹ የሚነግሯትን ታሪክ በወረቀት ከረጢት ላይ እየጻፈች ታስነብባቸው ነበር። ደመወዟ በወር 35 ዶላር ነው። እዚያው ደሴት ላይ ሦስት ተማሪ ብቻ የነበራት ነጭ አስተማሪ ግን 85 ዶላር ይከፈላት ነበር። በዚያ ላይ የጥቁር ገበሬ ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው እርሻው ሥራ ሲፈታ ነው። እንግዲህ ከ40 ዓመት በኋላ ማንበብ የማይችሉት ጎልማሶች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው።

አለማንበብ ደግሞ ሌላ ነገርም ያስከትል ነበር። በደቡብ ካሮላይና ሕግ ለመራጭነት የሚመዘገብ ሰው የግዛቱን ሕገ መንግሥት አንድ ክፍል ማንበብና መጻፍ አለበት፤ ካልሆነ 300 ዶላር የሚገመትና ግብሩ የተከፈለ ንብረት ሊኖረው ይገባል። ንብረት የሌለውና የማያነብ ሰው አይመዘገብም። ያልተመዘገበ አይመርጥም። የማይመርጠው ሰው ደግሞ ለ132 ልጆች ሁለት አስተማሪ የሚመድቡትን ባለሥልጣናት ምን ሊያደርጋቸው ይችላል? ልጆቹ እንደ አባቶቻቸው ሳይማሩ ያድጋሉ፣ ነገሩ እንዲያ እያለ ይዞራል።

አውቶቡሱ

ኤሳው ጄንኪንስ በ1910 እዚያው ደሴት ላይ ተወለደ። በልጅነቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። አትክልት እያመረተ ቻርለስተን ወስዶ ይሸጥ ነበር። ከሚገዙት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ግሪኮች ስለነበሩ ቋንቋቸውን ተማረና በግሪክኛ መደራደር ጀመረ። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። ግሪክኛ የተማረው ሰርተፊኬት ፈልጎ ሳይሆን ያመረተውን በደህና ዋጋ ለመሸጥ ነው። በኋላ የተከፈተው ትምህርት ቤት መንፈሱን ያገኘው ከዚህ ሰው ጠባይ ይመስለኛል።

በ1945 ጄንኪንስ አውቶቡስ ገዛ። ደሴቷ ላይ ለጥቁር ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ተማሪዎችን ቻርለስተን ያደርስ ነበር፣ ሠራተኞችንም ያመላልሳል። መንገዱን ግን ዝም ብሎ አይነዳም። የሚፈለገውን የሕገ መንግሥት ክፍል በታይፕ አስጽፎ ለተሳፋሪዎቹ ያድላል፤ እየነዳ ስለ ትርጉሙ ያወራል፣ ይጠይቃል፣ ያስደግማል። ሥራ ደክሟቸው የሚመለሱ ሰዎች እንቅልፋቸውን ትተው ያዳምጡታል።

በ1948 ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ፕሮግረሲቭ ክለብ የሚባል ማኅበር አቋቋመ። አባላቱ በየወሩ ሳንቲም ያዋጣሉ፤ ችግር የገጠመው ሰው፣ በተለይ ፍርድ ቤት የቀረበ፣ ከዚያ ይረዳል። እንደ እኛ እድር አድርጋችሁ አስቡት። አባል የሆነ ሁሉ ለመራጭነት እንዲመዘገብም ይጠበቅበት ነበር። ይህ ክለብ ባይኖር ኖሮ ትምህርት ቤቱም አይኖርም ነበር ብዬ አምናለሁ። ሰዎቹ ከመማራቸው ብዙ ዓመት በፊት አብረው ገንዘብ ማዋጣትና መተማመን ለምደው ነበር።

አንዲት ተሳፋሪ ለጄንኪንስ ማንበብ እንደማትችል፣ እንደ ሌሎቹ መመዝገብ ግን እንደምትፈልግ ነገረችው። ክፍሉን ሲነበብ እየሰማች በቃሏ ያዘችው፤ ሄዳ መዝጋቢው ፊት አለችውና አለፈች። ዳዊት በቃሉ የሚወጣ ሰው ባለበት አገር ላደግነው ለእኛ ይህ ብዙም አይገርመንም። እሷ ግን በዚህ አልረካችም። መሸምደድ ሳይሆን በትክክል ማንበብ ነው የምፈልገው አለች። ጄንኪንስ ደግሞ ይህን በአውቶቡስ ውስጥ ማድረግ አይችልም።

በ1954 ሴፕቲማ ክላርክ ጄንኪንስን ቴነሲ ግዛት ውስጥ ወዳለ ሃይላንደር ወደሚባል ማሠልጠኛ ወሰደችው። ሃይላንደርን በ1932 ካቋቋሙት አንዱ ማይልስ ሆርተን ነው። ጥቁርና ነጭ አብረው ተቀምጠው የሚበሉበትና የሚነጋገሩበት ቦታ ነበር፤ በዚያ ዘመን በደቡቡ ይህ ብርቅ ነው። ሮዛ ፓርክስም በ1955፣ ሞንትጎመሪ ላይ በአውቶቡስ ወንበሬን ለነጭ አልለቅም ከማለቷ ከጥቂት ወራት በፊት፣ እዚያ ተገኝታለች። ጄንኪንስ የሄደበት ስብሰባ ስለ ተባበሩት መንግሥታት ነበር። እሱ ግን ተራው ሲደርስ ለኛ ደሴት የሚያስፈልገን የማታ ትምህርት ቤት ነው አለ። እስኪ አስቡት፣ ሰው ስለ ዓለም ሰላም ሲያወራ እሱ ስለ ጎረቤቶቹ ፊደል አነሳ። ትክክልም ነበር።

ባዶ የቀረው ክፍል

ሆርተን ደሴቷ ላይ እየመጣ ብዙ ጊዜ አሳለፈ፤ ከገበሬውም ከዓሣ አጥማጁም ጋር እያወራ። ከዚህ በፊት የጎልማሶች ትምህርት ተሞክሮ እንደነበረ ደረሰበት። ገንዘብ ነበረው፣ አስተማሪም ነበረው። የጠፋው ተማሪው ነው።

ለምን ጠፋ? ሰዎቹ ራሳቸው ነገሩት። ትምህርቱ የሚሰጠው በልጆች ክፍል ውስጥ፣ በልጆች ወንበር ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር የዋለ ትልቅ ሰው ጉልበቱ አገጩን እስኪነካ ታጥፎ ይቀመጣል። ልጆች እያዩ ረጃጅም እግር ባለው ሸረሪት እየመሰሉ ይስቁበታል። የሚያነበውም ለልጅ የተጻፈ ነገር ነው። አስተማሪው ደግሞ ተማሪውን ልክ እንደ ልጅ ያርመዋል። ልጆቹን ያሳደገ፣ መሬት የገዛ፣ በማኅበሩ የሚከበር ሰው ይህን ሁለተኛ ቀን አይሞክረውም። እናንተስ ትሞክሩታላችሁ?

እኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ በላይ የምወደው ይህን ክፍል ነው። የፈረሰውን ነገር ለማወቅ ጥናት አላስፈለገም። ቁጭ ብሎ መጠየቅ በቂ ነበር።

ክፍሉን ማግኘት

ትምህርት ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ጠየቁ። ሁለቱም ፈሩ። ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም። በ1956 ደቡብ ካሮላይና የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው የኤን ኤ ኤ ሲ ፒ፣ ማለትም የጥቁሮች መብት ተሟጋች ማኅበር፣ አባል እንዳይሆን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ክላርክ አባልነቷን አልደብቅም አለች። ለ40 ዓመት ገደማ ካስተማረች በኋላ ተባረረች፣ ጡረታዋንም አጣች። ሆርተን ወዲያው ሃይላንደር ውስጥ ቀጠራት።

ስለዚህ የራሳቸው ቤት አስፈለጋቸው። አንድ አሮጌ የትምህርት ቤት ሕንጻ ለሽያጭ ቀርቦ ነበር። ሃይላንደር ለክለቡ 1,500 ዶላር ያለወለድ አበደረ። ብድር ነው፣ ስጦታ አይደለም። ይህ ልዩነት ትንሽ እንዳይመስላችሁ። በስጦታ የመጣ ቤት የሰጪው ቤት ሆኖ ይቀራል፤ በሩ ላይ ስሙ ይለጠፋል፣ ጣሪያው ሲያፈስ ሰው «እነሱ ይጠግኑት» ይላል። ተበድረው የገዙት ቤት ግን የራስ ነው።

ፊት ለፊቱን የኅብረት ሱቅ አደረጉት። አባላቱ ስኳሩንና ዱቄቱን ከነጭ ነጋዴ መግዛት ትተው ከራሳቸው ሱቅ መግዛት ጀመሩ። ከሽያጩም ብድሩን መለሱ። ከሱቁ ጀርባ ሁለት ክፍል ነበረ፤ ትምህርቱ እዚያ ሆነ። በኋላ ክላርክ እንደተናገረችው ሱቁ ከፊት የተደረገበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ነጮቹ ከኋላ ትምህርት ቤት መኖሩን እንዳያውቁ ነው። የኋለኛው ክፍል መስኮት ስላልነበረው አጮልቆ የሚያይ አይኖርም።

ሱቁ ሽፋን ብቻ አልነበረም። ማታ ወደዚያ የሚሄድ ሰው «ማንበብ የማይችል» ተብሎ አይታወቅም። ጨው ሊገዛ የሄደ ነው የሚመስለው። ሰው ፊት የማፈር ነገር እንዲህ በቀላሉ ተፈታ።

ፀጉር ሠሪዋ

አስተማሪ ማን ይሁን? የተማረ መምህር መፈለግ ቀላሉ መንገድ ነበር። ክላርክና ሆርተን ግን ሆን ብለው አልፈለጉም። የሠለጠነ መምህር የለመደውን ክፍልና የለመደውን ቁጣ ይዞ ይመጣል ብለው ሰጉ። (ክላርክ ራሷ ዕድሜዋን ሙሉ መምህር እንደነበረች አትርሱ።) የመረጡት በርኒስ ሮቢንሰንን ነው። የክላርክ ዘመድ ናት። ቻርለስተን ውስጥ ፀጉር ትሠራለች፣ ልብስም ትሰፋለች። አስተምራ አታውቅም። ሲነግሯት እኔ አስተማሪ አይደለሁም ብላ ተከራከረች፣ አልለቀቋትም።

ምርጫው ሁለት ብልሃት አለው። አንደኛ፣ ፀጉር ሠሪ ሰው ማዳመጥ ሥራዋ ነው። ሁለተኛ፣ ደንበኞቿ ጥቁር ሴቶች ስለሆኑ ኑሮዋ በነጭ አሠሪ እጅ ላይ አይደለም። ክላርክን ያባረረው ሕግ እሷን ሊነካት አይችልም። በጎ ፈቃደኛ ስትመርጡ «ማን ይችላል?» ብቻ ሳይሆን «ማን ነጻ ነው?» ብላችሁም ጠይቁ፤ ፍርሃት ባለበት ቦታ ይህ ከዲግሪ ይበልጣል።

ትምህርቱ ጥር 7 ቀን 1957 ተጀመረ። 14 ጎልማሶች መጡ፤ ሴቶቹ ይበዛሉ። ሮቢንሰን ከሌላ መምህር ዘመዷ የተዋሰችውን የልጆች መማሪያ ይዛ ነበር። ሰዎቹን ስታይ ግን ይህ ለእነሱ የማይሆን መሆኑ ገባት፣ ወደ ጎን አደረገችው። እኔ ዕውቀት አዳይ ሆኜ አልመጣሁም፣ አብረን እንማራለን፣ እናንተም የምታስተምሩኝ ነገር ይኖራል አለቻቸው። ከዚያ ምን መማር እንደሚፈልጉ ጠየቀች።

መልሱን ስሙ። ስማቸውን መጻፍ። መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ። ከቤተሰብ የመጣን ደብዳቤ ሌላ ሰው ሳያነብላቸው ራሳቸው ማንበብ። በፖስታ ቤት ገንዘብ ለመላክ የሚሞላውን ቅጽ መሙላት። ከሲርስ መደብር ዕቃ በፖስታ ማዘዝ። የሕገ መንግሥቱን ክፍል አንብበው መመዝገብ። አንዱም «ሀሁ መቁጠር» አላለም። ሰው የሚፈልገው ፊደሉን አይደለም፤ በፊደሉ የሚያደርገውን ነገር ነው።

ሥርዓተ ትምህርቱ ይኸው የእነሱ ዝርዝር ሆነ። የሲርስ ቅጽ መጣ፣ የገንዘብ መላኪያ ቅጽ መጣ፣ የመዝጋቢው ወረቀት መጣ። ሒሳቡ የሱቅ ዋጋና የቤንዚን ጋሎን ነው። በጋዜጣ ላይ ያለ የሸቀጥ ማስታወቂያ ይነበባል፣ ይደመራል። ሰዎቹ ቀን እርሻ ላይ ወይም ከተማ የገጠማቸውን ይናገራሉ፣ ሮቢንሰን እንዳሉት ትጽፈዋለች፣ በነጋታው መማሪያቸው የራሳቸው ንግግር ይሆናል። ክላርክ በ1916 በወረቀት ከረጢት ላይ ያደረገችውን ማለት ነው።

ስም ለመጻፍ እርሳስ ይዞ የማያውቅ እጅ ችግር አለበት። ለዚህ ስማቸውን በካርቶን ላይ ትጽፍላቸዋለች፤ እነሱ በላዩ ላይ ደጋግመው ይከተሉታል፣ እጁ መንገዱን እስኪለምድ ድረስ። ማረሻ የለመደ እጅ እርሳሱን ሲጨብጠው ይሰብረዋል። ይሰበር፣ ሌላ ይመጣል። ማንም አይቆጣም።

ከጎልማሶቹ አንዷ የ65 ዓመት እናት ነበሩ። ሲመጡ ማንበብም መጻፍም አይችሉም። አንድ ቀን ሮቢንሰን የተማሪዎቹን ስም ሰሌዳ ላይ ደርድራ ማን የራሱን ያገኛል አለች። እኚህ እናት ተነስተው ማመልከቻ ዘንጉን ተቀበሉና ይኼ ስሜ ነው ብለው ፊደሉን አንድ በአንድ ጠሩት። ከዚያ የአባታቸውንም ስም ሌላ ቦታ ላይ አገኙት። ሮቢንሰን ይህን ባስታወሰች ቁጥር ሰውነቷ እንደሚነዝር ተናግራለች። እኔም ባነበብኩት ቁጥር እንዲሁ ነኝ። 65 ዓመት ሙሉ በሰው አፍ ብቻ ሲጠራ የኖረ ስም ነው።

ግድግዳው ላይ ደግሞ ሁለንተናዊውን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ለጥፋ ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ ይህን ታነባላችሁ አለቻቸው። ቀላል ጽሑፍ አይደለም፤ ብዙ ከባድ ቃል አለበት። ግን ለትልቅ ሰው ትልቅ ነገር ነው የሚሰጠው። የልጅ መጽሐፍ ሰጥቶ ትልቅ ሰው ማክበር አይቻልም።

የወራቱ ነገር

ትምህርቱ በሳምንት ሁለት ምሽት ነበር፣ በአንድ ምሽት ሁለት ሰዓት። የቆየው በጥርና በየካቲት ነው፤ ከዚያ ማሳው ይጠራቸዋል። ቀኑን ያወጣው እርሻው እንጂ የትምህርት ካላንደር አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ አገር የበጎ ፈቃድ ትምህርት በብዛት የሚሰጠው ክረምት ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያኔ እረፍት ላይ ስለሆነ። ለልጆች ማጠናከሪያ ይህ ጥሩ ነው። ለገበሬው ግን ክረምት የእርሻና የአረም ወቅት ነው፤ ከጨለማ እስከ ጨለማ ይሠራል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወንዙ ሞልቷል። ጥርና የካቲት ላይ ግን በብዙ ቦታ እህል ገብቷል፣ ሠርግ እንኳ የሚደገሰው ያኔ ነው። ጎልማሳ ማስተማር የምትፈልጉ ልጆች ይህን አስቡበት። አስተማሪው ሲመቸው ሳይሆን ተማሪው ሲመቸው መሆን አለበት፤ ለዚህ ደግሞ አስተማሪው ከዚያው መንደር ቢሆን ይሻላል።

የእኛን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም አነሳለሁ። በ1971 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሲጀመር ስፋቱ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በመላው አገር ነው፣ በመንግሥት ትእዛዝ ነው፣ በኋላም በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ብዙ እናትና አባት ስማቸውን መጻፍ የቻሉት በእሱ ነው፣ ላጣጥለው አልፈልግም። የጆንስ ደሴቱ ግን መነሻው ሌላ ነው። ከላይ የወረደ መጽሐፍ የለም። ከታች የወጣ ጥያቄ ነው የቀደመው። ፊደል የቆጠረ ሰው በማግሥቱ የሚያነበው ነገር ከሌለው ይረሳዋል፤ በደሴቷ ግን የሚነበበው ነገር አስቀድሞ በእጃቸው ነበር፣ ደብዳቤው፣ ቅጹ፣ መጽሐፍ ቅዱሱ።

ከደሴት ወደ ደሴት

የተማሩት ሰዎች ሄደው መመዝገብ ጀመሩ። በጆንስ ደሴት የጥቁር መራጮች ቁጥር በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ ሦስት እጥፍ ደረሰ። ወሬው ተሰማ። የዋድማሎና የኤዲስቶ ደሴት ሰዎች ለኛም ክፈቱልን አሉ። በቻርለስተን ሰሜን በኩል ደግሞ ክፍሉ የተከፈተው በፀጉር ቤት ውስጥ ነው፤ ሴቶቹ ራሳቸው ጠይቀው። ማስታወቂያ የለጠፈ የለም። ሮቢንሰን ሁሉንም ብቻዋን ማስተማር ስላልቻለች ሌሎች ሰዎችን አዘጋጀች። እነሱም ከዚያው ሰፈር የወጡ ነበሩ።

በ1961 የቴነሲ ግዛት ሃይላንደርን ዘጋው፣ ንብረቱንም ወረሰው። ሥራው ግን አልሞተም። ቀደም ብሎ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ወደሚመሩት የደቡብ ክርስቲያን መሪዎች ጉባኤ እንዲዛወር ተደርጎ ነበር። ክላርክ፣ ዶሮቲ ኮተንና አንድሩ ያንግ ጆርጂያ ውስጥ ዶርቸስተር በሚባል ቦታ አስተማሪዎችን ያሠለጥኑ ጀመር። ከየገጠሩ ሰው በአውቶቡስ ይመጣል፣ ለጥቂት ቀናት ይሠለጥናል፣ ተመልሶ በወጥ ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ያስተምራል። ብዙዎቹ ገበሬዎች፣ ልብስ ሰፊዎችና ፀጉር ሠሪዎች ነበሩ። በሺዎች የሚቆጠሩ አስተማሪዎች በዚህ መንገድ ወጥተዋል። የሚሲሲፒዋ የመብት ታጋይ ፋኒ ሉ ሄመርም ከሠለጠኑት አንዷ ናት።

እንከኑንም አልደብቅም። ክላርክ ራሷ በግልጽ የተናገረችው አለ። ሥራውን በብዛት የሚሠሩት ሴቶች ሆነው ሳለ በጉባኤው ውስጥ ወንዶቹ መሪዎች ሐሳቧን ቸል ይሉት ነበር። ኪንግን ያከብራቸው የነበረ ልቧ ይህን ከማለት አላገዳትም። ሌላው ደግሞ የጊዜው ነገር ነው። በ1965 የመራጮች መብት ሕግ ወጥቶ የንባብ ፈተናው ሲቀር ትምህርቱን የሚገፋው ትልቁ ምክንያት ላላ። ፕሮግራሙም በ1970 አካባቢ አበቃ። ማንበብ የማይችል ሰው ግን ገና ነበረ። ትምህርቱን ከአንድ ዓላማ ጋር ማሰር ጉልበት ይሰጣል፤ ዓላማው ሲሳካ ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ ካላሰቡበት ግን ክፍሉ ይበተናል። ሱቁና ማኅበሩ ባይኖሩ ኖሮ በጆንስ ደሴትም ይኸው ይሆን ነበር።

እዚያ ግን ቀጠለ። በ1963 ክለቡ አዲስ ሕንጻ ሠራ፤ ሱቅም፣ ስብሰባም፣ የወጣቶች መጫወቻም በውስጡ ነበረ። በ1966 ጄንኪንስና ጓደኞቹ የቁጠባና ብድር ማኅበር አቋቋሙ፤ ባንክ ፊቱን ያዞረበት ሰው ቤት መሥሪያና መኪና መግዣ ይበደር ጀመር። ጄንኪንስ በ1972 በመኪና አደጋ ሞተ። በ1975 ሴፕቲማ ክላርክ ለቻርለስተን አውራጃ የትምህርት ቦርድ ተመረጠች፣ በዓመቱም የግዛቱ ገዥ ያለ አግባብ መባረሯን አምኖ ጡረታዋ እንዲመለስላት ሆነ። ቦርዱ ውስጥ ስትገባ 77 ዓመቷ ነበር።